ከረንን ለማወቅ ከተራሮቿ መጀመር

የኤርትራዋ ከረን በአማርኛ ስትነሳ ብዙውን ጊዜ ከጦርነት ጋር ነው የምትነሳው። ከረን ተያዘች፣ ከረን ተለቀቀች፣ የከረን ግንባር። በሌሎች ቋንቋዎች የሚጽፉት ደግሞ «ውብ የጣሊያን ከተማ» ብለው የአደባባዩን፣ የባቡር ጣቢያውንና የቤተ ክርስቲያኖቹን ፎቶ ይደረድራሉ። ሁለቱም አልዋሹም። ግን ከተማዋ ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተቆረቆረች፣ ለምንስ ይህን ያህል ገዥ እንደተፈራረቀባት አንዳቸውም አይነግሩንም። እኔ እንደሚገባኝ መልሱ ያለው ከተራሮቿ መካከል በሚያልፈው መንገድ ላይ ነው፤ ጣሊያንም ቢሆን ከረንን አልፈጠራትም፣ ከእሱ በፊት ሌሎች አይተው የመረጡትን ቦታ ነው የወረሰው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከረን ከአስመራ ወደ ሰሜን ምዕራብ 91 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። አስመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስትሆን ከረን 1,400 ሜትር ግድም ናት፤ ስለዚህ መንገዱ ሲያሽቆለቁል ይውላል። ከተማዋ ያረፈችው ዙሪያውን በተራራ በታጠረ ሜዳ ላይ ነው። በሰሜን በኩል የአንሰባ ወንዝ ያልፋል። በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ተራሮቹ ድንገት ተቀራርበው ዶንጎላስ የሚባል ጠባብ ገደላማ መተላለፊያ ይሠራሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው አቆርዳት፣ ባርካ፣ ተሰነይ፣ ከዚያም ከሰላ ነው። ከሱዳን ሜዳ ተነስቶ ወደ ደጋው መውጣት የሚፈልግ ነጋዴም ይሁን ጦር ከብዙ ቦታ ሊሞክር ይችላል፤ ጋሪና መኪና ይዞ ለመውጣት ግን ሁነኛው በር ይህ ነው። ከደጋው እህል፣ ከቆላው ከብት፣ ግመልና ቅቤ የሚገናኙበት ቦታም ስለሆነ ከተማዋ ጦር ባይመጣባትም ገበያ ሆና መኖሯ አይቀርም ነበር።

የቦታው ባለቤቶች ብሌኖች ናቸው። የጥንት ተጓዦችና ሰነዶች «ቦጎስ» የሚሏቸው እነሱን ነው። ቋንቋቸው የአገው ቋንቋዎች አንዱ ክፍል ነው፤ ከዋግ ኽምራው፣ ከአዊውና ከቅማንቱ ቋንቋ ጋር አንድ ግንድ አለው። የራሳቸው ትውፊትም አባቶቻቸው ከላስታ በኩል እንደመጡ ይናገራል። በአማርኛ ስለ ከረን ስንጽፍ ይህን ዝምድና ዘልለን ወደ ግንባሩ ወሬ መሮጣችን ያሳዝነኛል። ብሌኖች ግማሽ ያህሉ ሙስሊም፣ ግማሽ ያህሉ ክርስቲያን (በብዛት ካቶሊክ) ናቸው፤ በአንድ ዘር ሐረግ ውስጥ ሁለቱንም ማግኘት የተለመደ ነው። አጠገባቸው ትግረ ተናጋሪው ከብት አርቢ፣ ከደጋ የወረደው ትግርኛ ተናጋሪ፣ በንግድ የመጣውም ሌላው ይኖራል። የከረን ገበያ ላይ አንድ ሻጭ በሦስት ቋንቋ ዋጋ ሲናገር ማየት ብርቅ አይደለም።

አሁን ወደ አንድ ሰው ልለፍ፤ የከረን የቅኝ ግዛት ታሪክ የሚጀምረው ከእሱ ነው ብዬ ስለማምን። ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ በ1850ዎቹ አጋማሽ ከረን መጥቶ ዓመታት ተቀመጠ። ከአገሬው ሴት አገባ፣ ቋንቋውን ተማረ፣ ሽማግሌዎቹን እየጠየቀ የቦጎስን ሕግና ልማድ መዘገበ፤ በ1859ም መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። እስከዚህ ድረስ ለአንድ ሕዝብ ባለውለታ የሆነ ተመራማሪ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የግብጹ ኸዲቭ እስማኤል ሹመኛ ሆኖ የምጽዋ ገዥ ተደረገ፤ በ1872ም የግብጽ ወታደሮች እየመራ ወጥቶ ያንኑ አገር ያዘ። ዓመቱ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ የነገሡበት ዓመት ነው። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የትኛው መንገድ የት እንደሚያስወጣ፣ ውሃ የት እንዳለ ከሙንዚንገር የበለጠ የሚያውቅ የውጭ ሰው አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዛዊ አማካሪያቸውን ጆን ኪርካምን ደብዳቤ አስይዘው ወደ አውሮፓ መንግሥታት ቢልኩም የረዳቸው አልተገኘም። ሙንዚንገር ራሱ በ1875 በአውሳ በኩል ሲያልፍ በአፋሮች እጅ ተገደለ። ግብጾችም በዚያው ዓመት ጉንደት፣ በማግሥቱ ዓመት ጉራዕ ላይ ተሸነፉ። ከረንን ግን አልለቀቁም፤ ምሽግ ሠርተውባት ነበርና።

ምሽጉ ዛሬም ይታያል። ትጉ በሚባለው ኮረብታ ላይ፣ 1,460 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው የተሠራው። ከከተማው ብዙም ከፍ አይልም፤ የተመረጠበትን ምክንያት ለማወቅ ግን አጠገቡ ቆሞ ወደ አራቱም አቅጣጫ መመልከት ይበቃል። ወደ አስመራ የሚወጣውም፣ ወደ አቆርዳት የሚወርደውም፣ ወደ ሰሜን ወደ ናቅፋ የሚሄደውም መንገድ ከሥሩ ነው። የዙሪያው ተራሮች ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ፤ ነገር ግን እዚያ ላይ የሚቀመጥ ጦር ውሃ የለውም፣ መንገድም አይቆርጥም። ትጉ ላይ ያለ ጦር ውሃም፣ ገበያም፣ መንገድም በእጁ ነው።

የ1884ቱ የአድዋ ስምምነት በተለምዶ «የሂዊት ውል» ይባላል። ጁን 3 ቀን በእንግሊዝ፣ በግብጽና በኢትዮጵያ መካከል ተፈረመ። ቁም ነገሩ ልውውጥ ነው፦ ዐፄ ዮሐንስ በሱዳን ማህዲስቶች የተከበቡት የግብጽ ወታደሮች ከከሰላ፣ ከአሚዴብና ከሰንሒት በኢትዮጵያ በኩል ወደ ምጽዋ እንዲወጡ ያግዛሉ፤ በምላሹ ቦጎስ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ይመለስላቸዋል፣ ምጽዋም ለኢትዮጵያ ዕቃ ነጻ መተላለፊያ ትሆናለች። ሰንሒት የተባለው ይኸው የከረን ምሽግ ነው። ራስ አሉላ ከረንን ተረከቡ። የውሉ ሌላኛው ግማሽ ግን ዓመት አልሞላውም፤ በፌብሩዋሪ 1885 ጣሊያን እንግሊዝ እያየ ምጽዋን ያዘ። ዐፄ ዮሐንስ በማርች 1889 መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ደግሞ መንገዱ ተከፈተ፦ ጁን 2 ከረን፣ ኦገስት 3 አስመራ ተያዙ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ጣሊያን ከአስመራ በፊት ከረንን ነው የያዘው። ቅኝ ግዛቱ «ኤርትራ» ተብሎ የታወጀው ከዚያ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1890 ነው።

ጣሊያኖች የጨመሩት ትልቁ ነገር ሐዲዱ ነው። ከምጽዋ የተነሳው ባቡር በ1911 አስመራ፣ በ1922 ከረን፣ በ1928 አቆርዳት፣ በ1932 ቢሻ ደረሰ፤ እዚያው ቆመ። ወደ ተሰነይ የመቀጠሉ ሐሳብ አልተፈጸመም። የሐዲዱ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጠባብ ሐዲድ በገደል ላይ ሹል ኩርባ ስለሚችል፣ ቁፋሮውም ስለሚቀንስ ለተራራ ይመረጣል። ከአስመራ ከረን በመኪና 91፣ በባቡር 104 ኪሎ ሜትር የሆነውም ባቡር ቁልቁለቱን እንደ መኪና ስለማይችል ነው፤ 900 ሜትር ለመውረድ ተጨማሪ 13 ኪሎ ሜትር መጠምዘዝ ነበረበት። ባቡሩ ከባርካ የሚመጣውን የዶም ዘምባባ ፍሬ (ለልብስ ቁልፍ መሥሪያ ወደ ጣሊያን ይላክ ነበር)፣ ቆዳ፣ ሙጫና የአትክልት ምርት ያመላልስ ነበር። ዛሬ የጣቢያው ሕንጻ አለ፤ ባቡሩ የለም። ከነጻነት በኋላ ተጠግኖ የተመለሰው የአስመራ–ምጽዋ ክፍል ብቻ ነው። የከረኑ መስመር ሐዲድና የብረት አግዳሚ በጦርነቱ ዘመን እየተነቀለ የምሽግ ጣሪያና ግድግዳ ሆነ። የድንጋይ ድልድዮቹንና የተቆረጠውን ገደል ግን ከመኪና መንገዱ ላይ ሆኖ መከታተል ይቻላል፤ ተራራ ዳር ላይ እኩል ከፍታ ይዞ የሚሄድ፣ መኪና የማይሄድበት ጠፍጣፋ መስመር ካያችሁ እሱ ነው።

ከዚህ ውጭ ያለውን የጣሊያን ከረን በአጭሩ ማለፍ ይሻላል፤ ፎቶው በየቦታው አለ። ጂሮ ፊዮሪ የሚባለው ክብ አደባባይ የከተማው መሃል ነው፤ ስሙ ጣሊያንኛ ሆኖ ቀርቷል፣ ሁሉም አቅጣጫ የሚነገረው ከእሱ ተነስቶ ነው። ዙሪያውን በረንዳ ያላቸው ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ ቤቶች፣ ሻይ ቤቶችና ሱቆች አሉ። የቅዱስ አንጦንዮስና የቅዱስ ሚካኤል የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ብዙም አይርቁም። የካቶሊክ እምነት ግን ከጣሊያን ጦር ጋር የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ የላዛሪስት ሚሲዮናውያን ጣሊያን ከመምጣቱ ከ30 ዓመት በላይ ቀድመው በቦጎስ ምድር ነበሩ። ቅዳሴውም በግዕዝ ነው። ከረን ከ1995 ጀምሮ የራሷ ሀገረ ስብከት ሆናለች።

ወደ ዶንጎላስ እንሂድ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1941፣ እዚህ የሆነው ለኢትዮጵያም ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ የከረን በር ባይሰበር ኖሮ ጣሊያን ከአስመራና ከምጽዋ የሚወጣበት ጊዜ ሌላ ይሆን ነበር።

የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ዊልያም ፕላት እየተመራ በጃንዋሪ ከሱዳን ተነሳ፤ 4ኛውና 5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። አቆርዳት በፌብሩዋሪ 1 ወደቀች። ጣሊያኖች የባርካን ድልድይ አፍርሰው ወደ ኋላ ሸሹና ዶንጎላስ ላይ ቆሙ። እዚያም ከመንገዱ በላይ ያለውን ቋጥኝ በፈንጂ አፍርሰው መንገዱን ደፈኑት። መከላከሉን ይመሩ የነበሩት ጄኔራል ኒኮላንጄሎ ካርኒሜዎ ናቸው። ከአቆርዳት በኩል ሲመጡ በስተግራ ሳንኪል የሚባለው ግዙፍ ተራራ ይነሳል፤ ሐዲዱ በእሱ ወገብ ላይ ነው የተቆረጠው። በስተቀኝ ዶሎጎሮዶክ የሚባል ዝቅ ያለ ኮረብታና ምሽግ አለ፤ ከኋላው ዘባንና ፋለስቶህ ይቆማሉ። መኪናው መንገድ በመካከል ያልፋል።

አጥቂዎቹ በመጀመሪያ ያሰቡት ማንም እንደሚያስበው ነው፦ ትልቁን ተራራ የያዘ ሁሉንም ይይዛል። የካሜሮን ሃይላንደርስ ሻለቃ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሳንኪል ፊት ያለውን ሸንተረር ያዘ፤ ቦታው እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ሰነዶች «የካሜሮን ሸንተረር» ይባላል። ከዚያ በላይ ግን አልሆነም። በፌብሩዋሪ ሁለቴ፣ በማርች አጋማሽ እንደገና ወደ ላይኞቹ ጫፎች ተወጣ፤ የተያዘው ጫፍ ተመልሶ ተለቀቀ። ምክንያቱን ተራራው ሥር ቆሞ መረዳት ይቻላል። አቀበቱ ልቅ ድንጋይና እሾህ ነው። ወታደሩ ጥይቱን፣ ቦምቡንና ውሃውን ተሸክሞ ሲወጣ ጫፍ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ የደረሰውም ትንፋሹ አልቋል። የሳንኪል ጫፍ ጠባብ ስለሆነ ብዙ ሰው አይችልም። ተከላካዩ የእጅ ቦምቡን ወደ ታች መልቀቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሞርታሮቹን ደግሞ ከተራራው ጀርባ ደብቋል፤ የእንግሊዝ መድፍ የሚተኩሰው ከፊት ሜዳ ስለሆነ ጥይቱ ወይ ከፊቱ ይመታል፣ ወይ ጫፉን አልፎ ይሄዳል፣ ጀርባው ላይ አይወርድም። ጫፍ ላይ ላለ ወታደር ውሃና ጥይት ለማድረስ ደግሞ ሌላ ወታደር ከውጊያ ወጥቶ ተሸካሚ መሆን አለበት።

ሱባዳር ሪችፓል ራም የተባለው ሕንዳዊ ታሪክ የዚህ ማሳያ ነው። በፌብሩዋሪ 7 ለ8 አጥቢያ አዛዡ ሲቆስል ቡድኑን ተረክቦ፣ ሳንኪልን ሳይሆን በስተቀኝ በኩል ያለ ሌላ ጫፍ በሳንጃ ያዘ፤ ስድስት መልሶ ማጥቃት መለሰ፤ ጥይት ሲያልቅበት ከበባውን ሰብሮ የቀሩትን ይዞ ወረደ። በ12ኛው ቀን እንደገና መርቶ ወጣ። ቀኝ እግሩ ተቆረጠ፤ ሌላም ቁስል ጨመረ፤ እስኪሞት ድረስ ሰዎቹን ያበረታታ ነበር። የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳልያ፣ ቪክቶሪያ ክሮስ፣ ከሞት በኋላ ተሰጠው። ጫፉ ግን በጣሊያን እጅ ቀረ።

መፍትሔው የመጣው ጥያቄው ሲለወጥ ነው። የተደፈነውን መንገድ ለመክፈት ምን ያስፈልጋል? መሐንዲሶች ቋጥኙን ለመሰርሰርና ለማፈንዳት ሁለት ቀን ያህል ይበቃቸዋል፤ ነገር ግን እየሠሩ ከላይ የሚያያቸው መትረየስ መኖር የለበትም። መዘጊያውን በቅርብ የሚያየው ሳንኪል ሳይሆን ዝቅተኛው ዶሎጎሮዶክ ነበር። ስለዚህ በማርች 15 እና 16 ጥቃቱ ወደ ቀኝ ዞሮ ምሽጉ ተያዘ። ጣሊያኖች የጠፋባቸውን ቦታ ዋጋ ስላወቁ በተደጋጋሚ ሊመልሱት ሞከሩ፤ ከጦራቸው ሁሉ ስመ ጥሩ የነበሩት ጄኔራል ኦርላንዶ ሎሬንዚኒም በዚሁ ሰሞን፣ ማርች 17 ወደቁ። በማርች 25፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሕንዶቹ በባቡሩ ዋሻ ውስጥ ተሰብስበው አድረው ከዋሻው አፍ ወጥተው በመዘጊያው ዙሪያ ያሉትን ጉብታዎች ጠራረጉ። መሐንዲሶቹ ሥራቸውን ጀመሩ። በማርች 27 ማቲልዳ ታንኮች አልፈው ከረን ገቡ። ሳንኪል ላይ የቀሩት ጣሊያኖችም በዚያው ቀን እጃቸውን ሰጡ፤ ለሰባት ሳምንት ሰው ያለቀበት ጫፍ በመጨረሻ ሳይያዝ ቀረ። ኤፕሪል 1 አስመራ፣ ኤፕሪል 8 ምጽዋ ተለቀቁ።

የእንግሊዝ ወገን 536 ሞቶ 3,229 ቆስሎበታል። በጣሊያን ወገን የሞተው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ከእነዚያም ትልቁ ክፍል አስካሪዎች፣ ማለትም ኤርትራውያንና ሌሎች የአፍሪካ ቀንድ ልጆች ናቸው። ከአውሮፕላን በአማርኛና በትግርኛ የተጻፈ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ ይበተንላቸው ነበር። ብዙዎች ከዱ፤ ብዙዎችም እስከ መጨረሻው ተዋጉ። ሕንዱ ለእንግሊዝ፣ ሐማሴኑና ብሌኑ ለጣሊያን፣ የማናቸውም አገር ባልሆነ ጥል።

ይህን ቁጭ ብሎ ለማሰብ ሁለቱን የመቃብር ሥፍራዎች ማየት ይገባል። የኮመንዌልዙ ከከተማው ወጣ ብሎ በአቆርዳት መንገድ ላይ ነው። 440 መቃብሮች አሉት፤ 35ቱ ስማቸው ያልታወቀ ነው። እዚያው ውስጥ አስከሬናቸው በሃይማኖታቸው ሥርዓት የተቃጠለ 285 የሂንዱና የሲክ ወታደሮች መታሰቢያ ይገኛል፤ የሪችፓል ራም ስም እዚያ ላይ ነው። ድንጋዮቹን ስታነቡ ከስሙ ሌላ ያሉትን ምልክቶች ተመልከቱ፦ ወታደሩ የነበረበትን ሬጅመንትና ሃይማኖቱን ይነግሯችኋል። የጣሊያኑ መቃብር ሌላ ነው፤ ሎሬንዚኒ የተቀበሩት እዚያ ነው። በረድፍ ከተደረደሩት የአስካሪ መቃብሮች ብዙዎቹ ላይ የተጻፈው «ኢኞቶ» ብቻ ነው፣ ያልታወቀ ማለት ነው። የጣሊያኑ ወታደር ስም፣ ማዕረግና የትውልድ ዘመን አለው። አስካሪው ደግሞ እዚያው አገር የተወለደ፣ እናቱ ምናልባት በእግር ሁለት ቀን የምትርቅ ሰው ነበር። የከረንን ታሪክ የሚያጠና ወጣት የሚሠራው አንድ ነገር ስጠኝ ቢለኝ፣ በየቤተሰቡ «በከረን ጦርነት ቀረ» እየተባለ የሚነገርለትን ስም መሰብሰብ እለዋለሁ።

ከዚያ ማርያም ዳዓሪት። ከከተማው ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ አንድ እጅግ ያረጀ የባኦባብ ዛፍ አለ፤ ግንዱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ መቅደስ ተደርጎ የእመቤታችን ሐውልት ተቀምጦበታል። ሥፍራውን በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ያደራጁት ሕጻናት ያሳድጉ የነበሩ ካቶሊክ መነኮሳይያት ናቸው፤ ዛፉ የተከበረው ግን ከእነሱ በፊት ነው። በ1941 የጣሊያን ወታደሮች ከአውሮፕላን ሸሽተው ግንዱ ውስጥ ተጠልለው ዛፉ ሲመታ እነሱም ዛፉም እንደተረፉ ይነገራል። እምነቱን ለሚያምነው ትቼ ስለ ዛፉ የማውቀውን ልጨምር፦ የባኦባብ ግንድ እንደ ሌላው እንጨት አይሰነጠቅም፤ ውሃ የቋጠረ ሰፍነግ ነው፣ የተመታበት ቦታ ይበሳል እንጂ አይተረተርም፣ ልጡም ከተገፈፈ በኋላ መልሶ ይበቅላል። በበጋ ራቁቱን ሲያዩት የደረቀ የሚመስላቸው አሉ፤ አልደረቀም፣ አብዛኛውን ደረቅ ወቅት ቅጠል አይዝም።

ክብረ በዓሉ ሜይ 29 ነው። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 21፣ ደብረ ምጥማቅ። ካቶሊኩ መነኮሳይያት ባደራጁት ቦታ ላይ በዓሉ በጥንቱ የግዕዝ ቀን መከበሩ ከረንን በደንብ ይገልጻታል። በዕለቱ ከአስመራም ከቆላም ሰው ይጎርፋል፤ ሙስሊም ጎረቤቶችም ይመጣሉ። ልጅ የምትፈልግ ሴት በዛፉ ጥላ ሥር ቡና አፍልታ መንገደኛ ትጋብዛለች፤ የተጋበዘው ከጠጣ ልመናዋ እንደሚሰምር ይታመናል። ስለዚህ ቡና ከቀረበላችሁ «አመሰግናለሁ፣ ጠጥቻለሁ» ብላችሁ እንዳታልፉ።

ከእንግሊዝ አስተዳደር፣ ከፌዴሬሽኑና ከውሕደቱ በኋላ ያለው ዘመን በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ቀላል አይደለም። ይህም ሆኖ ዘሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። በኖቬምበር 21 ቀን 1970 የሁለተኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ተሾመ እርገቱ በአስመራና በከረን መካከል በደፈጣ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት የኢትዮጵያ ጦር በከረን አካባቢ መንደሮች ላይ በቀል ወረደ። ዲሴምበር 1 ከከረን አፍንጫ ሥር ያለችው ኦና መንደር ተቃጠለች፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕጻናት ተገደሉ። ከዚህ ቀን በኋላ ብዙ የብሌን ወጣት ወደ በረሃ ወጣ። ኦና የከረን ታሪካዊ ሥፍራ ናት፤ ጎብኚ የጦር መቃብሩን አይቶ ኦናን ካላነሳ ግማሹን ነው ያየው።

ሻዕቢያ ከረንን በጁላይ 1977 ያዘ፤ ደርግ በኖቬምበር 1978 መልሶ ያዛት፣ በዚያው ሰሞን ወደ አስመራ በሚወስደው መንገድ ኤላበርዕድ ላይ ከባድ ውጊያ ተደረገ። በጣሊያን ዘመን የተቋቋመው የኤላበርዕድ የብርቱካንና የአትክልት እርሻም በጦርነቱ ተጎዳ። ከትጉ ምሽግ ሥር የነበረው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በ1977ቱ ውጊያ ፈርሶ ፍርስራሹ አለ። ቦታውን ደግማችሁ እዩት፦ ግብጽ የመረጠው ኮረብታ፣ አሉላ የተረከቡት፣ ጣሊያን የቀጠለበት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥሩ ቤት የሠሩበት አንድ ቦታ ነው።

ለመሄድ ላሰበ ጥቂት ነገር ልበል። ሰኞ ካልሆነ ከረንን ሙሉ አላያችሁም። የከብት ገበያው በደረቅ ወንዝ አልጋ ላይ ሰኞ ጠዋት ይቆማል፤ ግመል፣ ከብት፣ በግና ፍየል በየወገኑ ተለይቶ ነው። ቀትር ሲቃረብ ሙቀቱም ስለሚበረታ፣ ከሩቅ የመጣው ሻጭም መመለስ ስላለበት ይበተናል፤ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ደርሳችሁ ቢሆን ይሻላል። ከአስመራ በአውቶቡስ በኩርባው ምክንያት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ስለሚፈጅ እሑድ ማታ ከረን ማደር ነው የሚመረጠው። በክረምት፣ በጁላይና ኦገስት፣ ጎርፍ ሲመጣ የወንዙ አልጋ ገበያ ሊሆን አይችልም። ከከብቱ በኋላ ወደ መሃል ገበያ፣ ወደ ብር አንጥረኞቹ መደዳ ግቡ፤ የብሌንና የትግረ ሴቶች የሚያደርጉት ጌጥ እዚያው ይሠራል፣ በክብደት ይሸጣል፣ ዋጋው ከመስማማታችሁ በፊት ሚዛኑን እዩ።

መቃብሮቹንና ዶንጎላስን ለከሰዓት በኋላ አቆዩ። ጠዋት ፀሐይ ከከረን በኩል ስለሆነች ከአቆርዳት መንገድ ቆሞ ወደ ከተማዋ ለሚመለከት ሳንኪል ጥላ ብቻ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከምዕራብ ስለሚመጣ ሐዲዱ የተቆረጠበት መስመር፣ የዋሻው አፍና ዶሎጎሮዶክ ተለይተው ይታያሉ። ከመንገድ ወጥታችሁ ተራራ አትውጡ፤ የ1941ም ሆነ የኋለኛው ጦርነት ያልፈነዳ ቦምብና ፈንጂ በአገሪቱ ብዙ ቦታ አለ፣ ዝገት የበላው ብረት ስታገኙም አትንኩ። ወታደር ያለበትን ቦታ ፎቶ ከማንሳት በፊት ጠይቁ፤ ትጉ ላይ ለመውጣትም እንዲሁ። የውጭ ዜጋ ከአስመራ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ስለሚያስፈልገው ከጉዞው በፊት ባለው የሥራ ቀን አስመራ ላይ ይጨርስ፤ እሑድ ቢሮው ዝግ ስለሆነ ለሰኞ ገበያ የሚሄድ ሰው ዓርብን እንዳያሳልፍ።